ከካሳዬ ማር የጎደለው

ካሳዬ በጤፍ ጆንያዎቹ መካከል ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጥፎ ሞቷል። አፉ ሥር ያለው ምንጣፍ ርሷል፤ ቀኝ እጁ ወደ ጠረጴዛው እንደተዘረጋ ቀርቷል። ጠረጴዛው ላይ፣ በየጠዋቱ በእጅጌው ሲያብሳት የኖረው የሱቅ ሚዛን ቀይ ቁጥሮቿን አብርታ ተቀምጣለች። ጌታዋ ቢሞትም እሷ ሥራ አልፈታችም።

ፋሲካ በሩ ላይ ቆማ ማስኳን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች። ከአምስተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛው የወረደችው በቤት ጫማዋ ነው። ቃሲም በስልክ የነገራት አጭር ነበር፤ «እህቴ ፋሲካ፣ ካሳዬ ሞተ። ልጅቷን፣ አስያን፣ ገዳይ ናት ብለው ለፖሊስ ሊያስረክቧት ነው፤ ድረሺላት።»

ጊዜው ኮሮና ዓለምን በየቤቱ የከተተበት የመጀመሪያው ዓመት ረመዳን ነው። አጅማን፣ አል ራሺዲያ ያለው ይህ ሕንፃ የታመሙ ሰዎች ስለተገኙበት ታሽጓል፤ የሚገባም የሚወጣም የለም። ካሳዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤት በስሙ ተከራይቶ፣ ክፍሎቹን በጣውላ ከፋፍሎ አልጋ በአልጋ፣ «ቢድ ስፔስ» እያለ፣ ያከራይ ነበር። ሳሎኑ ደግሞ ሱቁ ነው፤ ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ማር ይሸጥበታል። በደጉ ጊዜ ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ ይሸምት ነበር። በሩ ከታሸገ ወዲህ ግን ሕንፃው ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ የካሳዬን እጅ ጠባቂ ሆነ። ካሳዬም ይህን ካወቀ በኋላ ለማንም አልራራም።

ፋሲካ የአየር መንገድ ጭነት ክፍል ሠራተኛ ናት። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ዕቃው የት የት ቢቀመጥ ሚዛኑ እንደሚጠበቅ የምታሰላው እሷ ነበረች፤ አውሮፕላኖቹ ሲቆሙ እሷም ያለ ደሞዝ ፈቃድ ቤቷ ገባች። ገበያ ስትወጣ ከቦርሳዋ ክዳኑ ያልተከፈተ የአንድ ሊትር ውኃ አይጠፋም። ነጋዴው ዕቃዋን ከመመዘኑ በፊት ውኃዋን ሚዛኑ ላይ ታስቀምጣለች፤ ኪሎ ገደማ ካሳየ ትገዛለች፣ በጣም ካለፈ ጥላ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ሻርጃ ውስጥ ዓሣውን ከረጠበ ካርቶን ጋር የሚመዝን ሻጭ በሰው ፊት አዋርዳለች። ከዚያ ወዲህ ሕንፃው ውስጥ ዕቃ ሲጠፋም ሆነ ጠብ ሲነሳ የምትጠራው እሷ ናት፤ እሷም መጠራቱን አትጠላም። ከካሳዬ ግን ገዝታ አታውቅም። የራሷ ጆንያ ጤፍ ነበራት፤ አሁን እየተገባደደ ነው እንጂ።

«ማንም ምንም እንዳይነካ» አለችና ጓንቷን አጥልቃ ገባች።

የቤቱ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሊሊ ዱባይ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች፤ ሆቴሉ ሲዘጋ እዚህ ቀረች። ሰው በሞተበት ጠዋት እንኳ ቅንድቧን ተኩላለች። ቃሲም የወሎ ሰው ነው፣ ሻርጃ፣ ሙዋይለህ ላይ የተማሪ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ አሁን የሚነዳው ስለሌለ ሙስባሐውን ይቆጥራል። ሦስተኛው ዘካርያስ ነው። ከባንክ ሥራው ከተቀነሰ ወዲህም ሸሚዙን ሳይተኩስ ከክፍሉ አይወጣም። ታናሽ ወንድሙ ማቲያስ ይኖር የነበረው እዚህ ቤት ነው። ማቲያስ በኮሮና ሞተ፤ ዘካርያስም ሕንፃው ሊታሸግ ሰሞን ከዱባይ መጥቶ የወንድሙን አልጋ ያዘ።

«አስያስ የት አለች?» አለች ፋሲካ።

«ዕቃ ቤት ቆልፌባታለሁ» አለ ዘካርያስ። «ፖሊስም ጠርቻለሁ። ሕንፃው ስለታሸገ ልብስ ለብሰው፣ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት፤ ከቀትር በፊት ይደርሳሉ። አንቺ መድከም አያስፈልግሽም፣ ነገሩ ግልጽ ነው።»

«ግልጽ ከሆነ አስረዳኛ።»

«ልጅቷ ዱባይ፣ አል ባርሻ ካለው ከማዳሟ ቤት የጠፋች ናት፤ መኖሪያ ፈቃድ የላትም። ካሳዬ ያስጠጋት ሱቁን እንድትጠርግለት ነው። ትናንት ማታ 'ማሬን ሰርቀሽ በላሽ' ብሎ በጥፊ መታት፤ ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ ሻይ አፈላችለት። ንጋት ላይ ሞተ።»

«ኮሮና ቢሆንስ?»

«ባለፈው ሰሞን መርማሪዎቹ መጥተው አፍንጫችንን ሲጎረጉሩን ካሳዬም ነጻ ነበር» አለች ሊሊ። «ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው። ሌሊቱን ሲያስመልሰው ነው ያደረው። በሬን አንኳኳ፤ እኔም... እኔም ኮሮና መስሎኝ አልከፈትኩለትም።»

ቃሲም ሙስባሐውን ያዝ አደረገ። «ኮሮና አይደለም፣ ወላሂ። አገሬ የነቀዝ መድኃኒት የጠጣ ሰው አይቻለሁ። ጠረኑ ይኸው ነው። ይሄው፣ ጆንያዎቹ ውስጥ በጨርቅ ቋጥሮ ይከተዋል።»

ፋሲካ ጎንበስ ብላ ጆንያዎቹን አየች። በእያንዳንዱ አፍ ላይ ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ አለ። ከግድግዳው ሥር ያለው ቋጠሮ ግን ተፈትቶ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

«እነዚህን ማን ይነካል?»

«ማን የማይነካቸው አለ?» አለች ሊሊ። «ሽንት ቤት የምንሄደው እነሱን እየዘለልን ነው።»

ከሚዛኗ አጠገብ ማንኪያ የተቀመጠበት የማር ብርጭቆና የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ሳህን አለ። ብርጭቆው ክዳን ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በካሳዬ እጅ «800» ተጽፎበታል። ፋሲካ ብርጭቆውን አንስታ፣ ማስኳን ዝቅ አድርጋ አሸተተችው። ከሽንኩርቱ በታች ሌላ ጠረን አለ። ፈጥና መለሰችው።

«ይህ የኮሮና መድኃኒቱ ነው» አለች ሊሊ። «ማታ ማታ ከነጭ ሽንኩርት ጋር አንድ ማንኪያ ይውጣል። እንዳንሰርቀው ደግሞ ከመብላቱ በፊት ይመዝነዋል፤ በልቶ ሲጨርስ ደግሞ መዝኖ አዲሱን ቁጥር ይጽፋል። ሰው ማሩን እንዲህ ሲጠብቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«መርዙ ታዲያ ማሩ ውስጥ ቢሆንስ?»

«ሊሆን አይችልም» አለ ዘካርያስ። «ማሩን ማንም አልነካውም። ከበላት አንድ ማንኪያ በስተቀር ከክዳኑ ጋር ልክ ነው፤ ሚዛን ላይ አስቀምጠሽ እይው። መርዙ የነበረው ሻዩ ውስጥ ነው።»

«አንተ መዝነኸዋል?»

«እኔ ሬሳ አጠገብ ያለ ዕቃ አልነካም።»

ፋሲካ ብርጭቆውን ከነክዳኑ ሚዛኗ ላይ አስቀመጠችው። ቀዩ ቁጥር ትንሽ ተንቀጠቀጠና ከስምንት መቶ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቆመ። የአንድ ማንኪያ ያህል ብቻ ጎድሏል።

«አየሽ!» አለ ዘካርያስ።

ሊሊ አንገቷን ነቀነቀች። ቃሲም እንኳ ፊቱን ወደ ዕቃ ቤቱ በር አዞረ፤ ተስፋው እዚያው ሲያልቅ ይታይበታል። ማሩ ካልተነካ የሚቀረው ሻዩ ነው፤ ሻዩን ያፈላችው ደግሞ አስያ ናት።

ፋሲካ ማሩን አነሳችና ከቦርሳዋ ውኃዋን አውጥታ አስቀመጠች። ሚዛኗ ያለ አንዳች ሐፍረት ኪሎ ከሁለት መቶ አለች።

«ይህቺን ይወዳል!» አለች ፋሲካ። «አንድ ሊትር ውኃ እዚህ ቤት ሲገባ ይወፍራል ማለት ነው።»

«አዲስ ነገር አይደለም» አለ ቃሲም። «የታሸገ የኪሎ ስኳር ይዤ መጥቼ እኔም ሞክሬያት ነበር። ልክ እንደዚሁ ኪሎ ከሁለት መቶ አለች። አንተ ሌባ አልኩት። ካሳዬ ስኳሩን ነጠቀኝና ሚዛኗን አጥፍቶ አበራት፤ መልሶ ሲያስቀምጠው ልክ ኪሎ ሆነ! 'ጾሙ ዓይንህን አዙሮት ነው' ብሎ ሳቀብኝ። ቤቱ በሙሉ ነበር፤ ሊሊ፣ አስያ፣ ነፍስ ይማርና ማቲያስም። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህቺን ሚዛን የሚያምን የለም። እንደ እስስት ትለዋወጣለች።»

ዘካርያስ ትከሻውን ነቀነቀ። «ብትዋሽስ ምን ይለወጣል? ክዳኑ ላይ የተጻፈውንም፣ አሁን ያየነውንም የነገረችን ያቺው አንዷ ሚዛን ናት። ውሸቷ ለሁለቱም እኩል ነው።»

«ባንክ ውስጥ መሥራትህ ያስታውቃል» አለች ፋሲካ። «ውሸቷ እኩል ከሆነ ትክክል ነህ።»

ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። አስያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሻርፗን በጥርሷ ይዛለች፤ ግራ ጉንጯ አብጧል። ፋሲካ በሩን ገርበብ ስታደርገው በስተውስጥ በኩል፣ እጀታው አካባቢ፣ ቀለሙ በጥፍር የተቧጠጠ ሆኖ አየችው።

«ይህን አንቺ ነሽ ያደረግሽው?»

አስያ ራሷን ነቀነቀች። «የቆየ ነው።» ድምፅዋ ተቆራረጠ። «እትዬ ፋሲካ፣ ወላሂ እኔ አልገደልኩትም። ሻዩን እኔም ጠጥቻለሁ፤ ከዚያው ከአንዱ በራድ። እዚህ አታስገቡኝ ብዬ የጋሽ ዘካርያስ እግር ላይ ወደቅሁ፣ እሱ ግን 'አንቺም ቅመሺው' ብሎ ገፍትሮ ዘጋብኝ።»

«አንቺም ቅመሺው አለሽ?»

«እንዲያ ነው ያለኝ።»

ፋሲካ ቃሉን በልቧ ይዛ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «አስያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እንዳትዋሺኝ። ሚዛኗ ሁለት ፊት አላት አይደል?»

ልጅቷ ሻርፗን መልሳ ነከሰች። ከሳሎኑ የሊሊ ሹክሹክታ ይሰማል።

«ካሳዬ ለገዢ ሲሸጥ በአንደኛው፣ የራሱን ማር ሲመዝን በሌላው ነበር። እንዴት እንደሚለውጣት አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔ ምንም አላውቅም።»

«እኔ የሐሰት ፊቷን አይቻለሁ፤ መቀየሯን ግን ካላሳየሻቸው አያምኑኝም። ፖሊሶቹ እስኪመጡ ዝም ካልሽ ነፍሰ ገዳይ ሆነሽ ነው የምትወጪው፤ ነፍስሽ ነው የሚሄደው። ከተናገርሽ ግን የሚጠሉሽ እነዚህ ብቻ ናቸው።»

«ያን ጥላቻ የምበላው እኔ ነኛ፣ እትዬ» አለች አስያ። «እኔ ነበርኩ የምመዝንላቸው። ጋሽ ካሳዬ እንቢ ካልሽ ለፖሊስ እሰጥሻለሁ፣ ወደ ማዳምሽ ትመለሻለሽ አለኝ። ጋሽ ቃሲም ከመንገድ አንስቶ እዚህ ያስገባኝ ሰው ነው። የሱንም ጤፍ አጉድያለሁ። ሊሊ ለታናሽ እህቷ እየላከች ስለተቸገረች በግማሽ ኪሎ ስትገዛ ከዚያም ላይ አጉድያለሁ። ምን ብዬ ፊታቸውን ልይ?»

ፋሲካ እጇን ይዛ አስነሳቻት። እውነቱን ለመናገር፣ ልጅቷ ታሳዝናታለች፤ ግን ከማዘኗ በላይ መልሱ እጇ ላይ ስለደረሰ ልቧ ደስ ብሎታል። እንዲህ ዓይነት ሰው ናት።

ወደ ሳሎኑ ስትመለስ የማር መደርደሪያው ፊት ቆመች። የሚሸጡት ብርጭቆዎች በመስመር ተደርድረዋል፤ ክዳናቸው ሁሉ በቀጭን ፕላስቲክ ታሽጓል። ወደ ግድግዳው የተጠጋው አንዱ ግን ማሸጊያ የለውም፤ ማሩም አንገቱ ድረስ አልሞላም። ክዳኑ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ተልጦ የተነሳበት፣ አራት ማዕዘን የሆነ የሙጫ ምልክት አለ። ያንን ብርጭቆ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመጀመሪያው ጎን አስቀመጠችው።

«ኑ፣ ቅረቡ» አለች። «ርቀታችሁን ጠብቃችሁ ቅረቡ።»

ካሳዬን አንሶላ አልብሰውታል። ሦስቱ ጠረጴዛውን ከበቡ፤ አስያ ከፋሲካ ኋላ ቆመች።

«ካሳዬ ትናንት ማታ ለምን ጮኸ?» አለች ፋሲካ።

«ማሬ ተሰረቀ ብሎ» አለች ሊሊ።

«ማሩ ግን ከማንኪያዋ በስተቀር ልክ ነው። አሁን አይተናል። ታዲያ ሰውየው ለምን ተሰረቅሁ አለ? በማር ነገር የሚሳሳት ሰው ነበር?»

ፋሲካ ሚዛኗን ወደ መሃል ሳብ አደረገቻት።

«አስያ፣ አሳዪያቸው።»

አስያ አልተንቀሳቀሰችም። ፋሲካ ወደ ኋላ ዘወር አላለችም፤ ጠበቀች። በመጨረሻ ልጅቷ መጣችና ሚዛኗን አጠፋቻት፤ ጣቷን ከሚዛኗ ሥር ሰዳ የተደበቀችውን መጫኛ፣ በተኗን፣ ተጭና እንደያዘች መልሳ አበራቻት። ከዚያም የፋሲካን ውኃ አስቀመጠች። ቁጥሩ ኪሎ ላይ፣ ከጠርሙሱ ክብደት ጋር፣ ረጋ ብሎ ቆመ።

ሊሊ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየች፤ ከዚያ አስያን።

«አንቺ ታውቂ ነበር» አለች ሊሊ። ቅንድቦቿ ተሰበሰቡ። «ዓይኔን እያየሽ ትመዝኚልኝ ነበር።»

«እኔንም?» አለ ቃሲም። ድምፁ ከፍ አላለም። «አስያ፣ እኔንም?»

አስያ መሬት መሬት አየች። ቃሲም የሚቆጥረውን ትቶ ሙስባሐውን ኪሱ ከተተው።

«የእናንተን ጠብ ቆይታችሁ ትጨርሱታላችሁ» አለች ፋሲካ። «አሁን ሚዛኗ እውነቷን እየተናገረች ነው። ይህን ካሳዬ የበላበትን ብርጭቆ እንደገና እንመዝነው።» አስቀመጠችው። ቁጥሩ ስድስት መቶ ስልሳንም ሳይሞላ ቆመ። «አያችሁ? ካሳዬ እናንተን ያታልላል እንጂ ራሱን አያታልልም። ማሩን የሚመዝነው በእውነተኛው ነው። ትናንት ማታ ሲመዝነው ከስምንት መቶ ብዙ ጎድሎ አገኘው፤ ጮኸ፣ ይህቺን ልጅ መታ። ከዚያ ግን ንፉግ ነውና የቀረውን ደግሞ አልጣለም፤ ማንኪያውን ዋጠ። ሚዛኗን እንደ ልማዱ ወደ ሐሰቱ መለሳት። አዲስ ቁጥር ለመጻፍ ግን አልታደለም፤ ሆዱ ያዘው።»

«የጎደለው ማር የት ሄደ ታዲያ?» አለች ሊሊ።

«አልጎደለም። ይህ የካሳዬ ብርጭቆ አይደለም።» ሁለተኛውን፣ የሙጫ ምልክት ያለበትን አስቀመጠች። ስምንት መቶ። ሚዛኗ አንዲት ግራም አላዛነፈችም። «የካሳዬ ብርጭቆ ይኸው ነው። ካሳዬ ማሩን ከዓይኑ ስለማያርቅ እዚያው ላይ መርዝ ማደባለቅ ጊዜ ይወስዳል፤ መለወጥ ግን ደቂቃ አይፈጅም። ገዳዩ ከመደርደሪያው የታሸገ ብርጭቆ ወሰደ፣ ከፈተው፣ ሚዛኗ ስምንት መቶ እስክትል ድረስ ማሩን ቀነሰለት። የነቀዙን መድኃኒት ጨመረበት። ፕላስተሩን ከዚህኛው ላይ ልጦ በዚያኛው ክዳን ላይ ለጠፈ፤ እውነተኛውን ደግሞ መደርደሪያው ላይ ቦታው እንዳይጎድል ደበቀው። ሥራው ንጹሕ ነበር። ያላወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ በሐሰቱ ፊት ነበር የመዘነው።»

ፋሲካ ወደ ኋላዋ ጠቆመች። «አስያ ብትሆን ኖሮ በተኗን ተጭና በእውነቱ ትመዝን ነበር፤ ካሳዬም አይጮህም ነበር፣ ጉንጯም አያብጥም ነበር። ቃሲም የስኳሩ ዕለት ሚዛኗ በደቂቃ ስትገለባበጥ ተሸንፏል። ሊሊ ቆማ ሰምታለች። ሁለቱም ይህቺን ሚዛን አምነው መርዝ አይለኩባትም። እዚህ ቤት ውስጥ ሚዛኗ አንድ ፊት ብቻ እንዳላት የሚያምን ማን ነው? 'ውሸቷ ለሁለቱም እኩል ነው' ያለኝ ማን ነበር?»

ሁሉም ወደ ዘካርያስ ዞሩ። ዘካርያስ የሸሚዙን እጅጌ ያስተካክላል።

«የስኳሩ ዕለት አልነበርክም» አለች ፋሲካ። «ያን ጊዜ የነበረው ወንድምህ ነው። ደግሞ ዛሬ ማሩ ሳይመዘን፣ ሳትነካው፣ ከአንድ ማንኪያ በስተቀር ልክ ነው አልከኝ። ልክ መሆኑን ልታውቅ የምትችለው ልክ ያደረግከው አንተ ከሆንክ ነው።»

«ግምት ነው» አለ ዘካርያስ።

«ልክ ነህ። ስለዚህ የማልገምተውን ልጠይቅህ። የዕቃ ቤቱን በር ከውስጥ በጥፍሩ የቧጠጠው ማን ነው?»

የዘካርያስ ፊት ተለወጠ። ሊሊ እጇን ማስኳ ላይ ጫነች። ቃሲም ግድግዳውን ተደገፈ።

«ጠይቂያቸዋ!» አለ ዘካርያስ። «ለምን እኔን ትጠይቂኛለሽ? እነሱ ናቸው የሰሙት! ማቲያስ ሲታመም ካሳዬ 'ሱቄ ይታሸግብኛል' ብሎ እዚያ ውስጥ ቆለፈበት። ስልኩን ቀማው። ወንድሜ ሲያስል፣ በሩን ሲቧጥጥ፣ ውኃ ሲለምን፣ እነዚህ ጤፋቸውን እያስመዘኑ ነበር። አንቡላንስ የተጠራው ከንፈሩ ከጠቆረ በኋላ ነው። እኔ ዱባይ ሆኜ 'ደህና ነው፣ ተኝቷል' እባል ነበር። ሊሊ ናት በኋላ ያወራችልኝ፤ ሆድ ብሷት እያለቀሰች። እንዳጽናናት ነው የፈለገችው!»

«ካሳዬን ገደልከው፤ እሺ» አለች ፋሲካ። «አስያን ለምን?»

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነበር።»

አስያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። «ጋሽ ዘካርያስ፣ ይገለኝ ነበር... ከከፈትሽ ለፖሊስ እሰጥሻለሁ ብሎኝ ነበር...»

«ማቲያስ በስምሽ አልጠራሽም? አልጠራሽም ወይ?»

«ጠርቶኛል» አለች አስያ።

ፖሊሶቹ ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ ለብሰው ደረሱ። ፋሲካ በእንግሊዝኛ አስረዳቻቸው፤ ዘካርያስም አልካደም፤ ወንድሙ ይተኛበት ከነበረው አልጋ ትራስ ሥር የብርጭቆውን የፕላስቲክ ማሸጊያ ራሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ሁለቱን የማር ብርጭቆዎችና ሚዛኗን በላስቲክ ጠቀለሉ። ሊወጡ ሲሉ ከመኮንኖቹ አንዱ በቤቱ ያሉትን መታወቂያ ጠየቀ። ሊሊ ሰጠች። ቃሲም ሰጠ። አስያ እጇን ባዶውን ዘረጋች።

«ይህቺ የማን ናት?» አለ መኮንኑ በዐረብኛ። «ኃላፊነት የሚወስድላት፣ አድራሻዋን የሚያስመዘግብላት አለ?»

አስያ ቃሲምን አየችው። ጠዋት ለፋሲካ ደውሎ ድረሺላት ያለው እሱ ነው። ቃሲም ግን መስኮቱን ያይ ነበር።

«ጋሽ ቃሲም» አለች።

«እኔ አላውቃትም» አለ ቃሲም፣ መኮንኑ እንዲሰማው በዐረብኛ። «ሥራዋ ከሟቹ ጋር ነበር።»

ፋሲካ አፏን ከፈተች። በእሷ ስም ያለው ክፍል ውስጥ ፈቃድ የሌላት ሴት ማስመዝገብ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ አየር መንገዱ ሠራተኛ የሚቀንስበት ሰበብ እየፈለገ ነው። አፏን መልሳ ዘጋችው። አስያ በቤት ነጠላ ጫማዋ፣ ከዘካርያስ ኋላ፣ ደረጃውን ወረደች። ነፍሰ ገዳይ አልተባለችም። ይህን ያህል ተርፋለች።

የዒድ ጨረቃ ከታየ ወዲያም ሕንፃው እንደታሸገ ነበር። የፋሲካ ጆንያ ተራገፈ። ቦርሳዋን ይዛ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወረደች።

በሩ ክፍት ነው፤ ሰዎች ደረጃው ላይ በየርቀታቸው ተሰልፈዋል። ቃሲም ጆንያ እየጎተተ ያቀርባል፤ አይቷት ሰላምታ ሳይሰጣት ዘወር አለ። ከጠረጴዛው ኋላ ሊሊ ተቀምጣለች፣ ቅንድቧን ተኩላ። ፊቷ ላይ ያለችው ሚዛን የበፊቷ እህት ናት፤ ካሳዬ መጠባበቂያ የማያስቀምጥ ሰው አልነበረም።

«ፋሲዬ!» አለች ሊሊ። «ስንት ላድርግልሽ?»

«ሁለት ኪሎ።»

ሊሊ መዘነች፣ ላስቲኩን ቋጠረች። ፋሲካ ጤፉን ከመቀበሏ በፊት ውኃዋን አወጣችና ሚዛኗ ላይ አስቀመጠች።

ኪሎ ከሁለት መቶ።

ሁለቱም ቁጥሩን አዩት። ከኋላ የተሰለፈች ሴት ሕፃን አዝላ ታባብላለች።

«ሰው እንዴት ይኑር ታዲያ፣ ፋሲዬ?» አለች ሊሊ ቀስ ብላ። «በተኗን ያሳየሽን አንቺ ነሽ።»

ሌላ ሱቅ የለም፤ ታች በር ላይ ዘበኛ ቆሟል። ፋሲካ ሂሳቡን ከፈለች፣ ላስቲኩን ተቀበለች፣ ውኃዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ሊሊ ሚዛኗን በእጅጌዋ አበሰችና «ቀጣይ» አለች።